የሽኩር ጋቢና

የእህቴ ልጅ አይናዲስ ከዓረብ አገር በቀደም ስትደውልልኝ ተናዳለች። በአውሮፕላን ብዙ የተመላለሰ ሰው የበረረው ርቀት እየተደመረለት ይቆይና አንድ ቀን በነፃ ይሳፈራል አለችኝ። እሷ ግን መሀል መንገድ ላይ አውሮፕላን ቀይራ ኖሮ፣ ሁለተኛው የሌላ ኩባንያ ነው ተብሎ ጉዞዋ ሳይቆጠርላት ቀረ።

«አክስቴ፣ እኔ መቼ መረጥሁ? ወደዚያኛው ያሳለፉኝ እነሱ ራሳቸው ናቸው» አለች።

«ሻንጣሽን ማን አወረደው?» አልኳት።

«ምን?»

«ሻንጣሽን እነሱ አሳለፉት ወይስ አንች ተቀብለሽ አወረድሽው?»

«እኔው ተቀብዬ እንደገና አስመዘንኩት።»

«እንግዲያውስ አይቆጠርልሽም» አልኳት።

አረጀች ብላ ሳታዝንልኝ አልቀረችም። እኔ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ መውጣትም አያምረኝም። ይህን ሕግ ግን ከሷም ከኩባንያዋም በፊት አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ከአዘዞ ተሳፍረን ቋራ ገለጉ ለሰሊጥ አጨዳ ስንወርድ፣ በሽኩር መኪና ላይ የተማርኩት ነው።

ሽኩር ረጅም፣ ጀለብያ የሚለብስ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ የጎንደር ሰው ነበር። ኤንትሬ መኪናው የራሱ ነበረች። ደርግ ለአንድ ሰው አንድ የጭነት መኪና ብቻ ስለተወለት ያችኑ አንዷን እንደ ሁለት ያሠራት ነበር። መስቀል ባለፈ ማግስት አዘዞ ላይ ቆሞ ከበለሳ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጣውን ጉልበተኛ ይጭናል። ያን ጊዜ ጉልበት መቅጠር ክልክል ነው ተብሎ ስለነበር የቋራ ገበሬዎች «ወንፈል ነው» እያሉ ነበር የሚያሠሩን። ከበለሳ ድረስ መኪና ተሳፍሮ የሚመጣ ወንፈል እኔ አይቼ አላውቅም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም አላየም፣ ግን የራሱም ሰሊጥ መታጨድ ስላለበት ዝም ይላል።

በመኸር ወቅት ሾፌሮች ሠራተኛ ይሻሙ ነበር። ሽኩር የለመዱት ሰዎች ከእጁ እንዳይወጡ አንድ ሥርዓት አበጀ። ሦስት መኸር ከሱ ጋር አዘዞ ተሳፍሮ ገለጉ የወረደ ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። አይከፍልም፤ ማንም አይቀድመውም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሞልቷል» እንለዋለን። የሞሉት ብዙ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ መውረድ የጀመረው ይቀድማል።

ጋቢና ምን ያደርጋል የሚል ሰው ያን መንገድ አያውቀውም። ስንወርድ መኪናው ባዶ ስለሆነ ቆመንም ተቀምጠንም እንደርሳለን። ስንመለስ ግን ሰሊጡ በጆንያ ተጭኖ፣ ሰው ከጆንያው በላይ ገመድ ጨብጦ ነው ሁለት ቀን የሚሄደው። እንቅልፍ የወሰደው ይወድቃል። ሲወድቅ አይቻለሁ።

ሌላም ሕግ ነበረ፤ ዋናው እሱ ነው። መኪናዋ ገንዳ ውሃ ላይ ከተበላሸች ወይም ሌላ ጭነት ከታዘዘች ሽኩር ሰዎቹን ለሚያውቀው ሾፌር ያሳልፋል። ሒሳቡን ከሾፌሩ ጋር ራሱ ይጨርሳል፤ ጉዞውም ለተሳፋሪው እንደ ሽኩር መኪና ጉዞ ይቆጠርለታል። ግን ጓዙን ከመኪና ወደ መኪና የሚያሻግረው የሽኩር ረዳት ማሩ መሆን አለበት። ባለቤቱ ጓዙን በገዛ እጁ አውርዶ መሬት ካስነካ ጉዞው እዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲያ የሚሄደው የሌላው መኪና ሰው ሆኖ ነው። ይህም የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገንዳ ውሃ ላይ ሹልክ ብለው ወርደው፣ ወር ሙሉ እዚያው አቅራቢያ ኮኪት ላይ ሠርተው፣ ኋላ በሌላ መኪና ገለጉ ደርሰው «ከሽኩር ጋር ነው የወረድነው» የሚሉ ብልጦች ነበሩ። ሰው ይዋሻል፣ ጓዝ አይዋሽም ይል ነበር ሽኩር።

እኔና ባሌ ዘሩ መጀመሪያ የወረድነው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። የመንደራችን ልጅ ደምለውም አብሮን ነበር። በዚያ ዓመት ምንም አልሆነም፤ ተሳፈርን፣ ደረስን፣ አጨድን፣ ተመለስን።

ዘሩን በአንድ ቃል ግለጪው ብባል ጥንቁቅ እላለሁ። የሰው ነገር አይነካም፣ የራሱንም ለሰው አያስነካም። በር ዘግቶ ሦስት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ ይገፋዋል፣ መዘጋቱን ለማየት። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ፤ እናቴም ስትሞት ይህንኑ እየተናገረች ነው የሞተችው። እንዲህ ሆነንም ተስማምተን እንኖር ነበር። ልጅ አልነበረንም፤ ለመውለድ ግን ገና ነን እንል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መኪናዋ ገንዳ ውሃ ስትገባ ከኋላ እግሯ ጮኸችና ቆመች። ሽኩር ከሥር ገብቶ ወጣና ካምቢዮውን ሳይሆን ዲፍረንሻሉን ነው የበላው አለ። ወደ ገለጉ የሚሄድ የሌላ ሰው መኪና አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሮ አሳለፈን።

ማሩ ከላይ ወጥቶ ጓዞቹን አንድ በአንድ ወደዚያኛው መኪና መወርወር ጀመረ። ዘሩ ይህን ሲያይ አላስቻለውም። ከተቀመጥንበት ጥላ ተነሥቶ ሄዶ በመኪናው የጎን ሳንቃ፣ በስፖንዳው ላይ ተንጠላጠለና ጓዙን ሳበው። ምን ነበረበት? ሁለት ማጭድ፣ አንድ ጋቢ፣ በሶ።

«አታውርድ፣ ተው!» አለው ማሩ።

«የራሴን ነው እኮ። ስትወረውር ማጭዱ ሰው ይቆርጣል።»

«እኔ አሳልፈዋለሁ ስልህ።»

«እኔው አሳልፈዋለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለ ማሩና ለቀቀለት። ዘሩ ጓዙን አውርዶ፣ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ የማጭዶቹን ስለት በጨርቅ እንደገና ጠቅልሎ አሰረው። ከዚያ «ያንችንም ላውርደው?» አለኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ ተጋድሜያለሁ። ተወው አልኩት። የኔን ማሩ አሻገረው።

ያን ዕለት ማታ ዘሩ በሕጉ ይስቅ ነበር። «ጓዜ መሬት ነካ አልነካ፣ እኔ ያው ገለጉ አይዶል የምወርደው? ያሳለፈኝስ እሱ ራሱ አይዶለም?» አለ። እውነት ነው አልኩት። አሁንም እውነት ነው እላለሁ። እውነት መሆኑ ግን ለምንም አልረዳን።

በሦስተኛው ዓመት፣ በሰባ ስድስት፣ ያለ እንከን ወረድን። ሰሊጡ ያማረ ነበር። ዘሩ ግን ነዶ ሲያቆም ቶሎ ቶሎ ይቀመጥ ጀመር። በኅዳር ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ብለን ለወባ የሚሰጠውን ዋጠ፤ ተሻለው፣ ተመለሰበት። ማሽላ ቆረጣ ሲደርስ ክንዱና እግሩ እንጨት ሆኖ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ ነበር። አፍንጫው ይደማል። የገለጉው የጤና ድሬሰር ሆዱን በመዳፉ ዳሰሰና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ይሄ ወባ አይደለም፤ ካላዛር ነው። መርፌው እዚህ የለም። ጎንደር ሆስፒታል ከደረሰ ይድናል፤ ስንቱ ድኗል» አለኝ።

«ካልደረሰስ?»

«አድርሽው» አለኝ።

እንዲህ ሲለኝ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ካምቦው፣ ሠራተኛ ወደሚያድርበት ጎጆ፣ ተመልሼ ለዘሩ አጥሚት ሠራሁለት። ጎንደር ትሄዳለህ አልኩት። እሽ አለኝ።

መኪና ግን አልነበረም። ሠራዊቱ በዚያ ሰሞን ያገኘውን የጭነት መኪና ሁሉ ለግዳጅ ወስዶ ነበር። የመንግሥትን ሰሊጥ እንድትጭን ወረቀት ያላት የሽኩር መኪና ብቻ ቀረች። የሽኩር መኪና ትመጣለች እየተባለ ካምቦው ሁሉ ጓዙን አስሮ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ፤ ግን አልጨነቅም ነበር። ዘሩና እኔ ከሁሉም ቀድመን መውረድ የጀመርን ነን፤ ሁለታችንም ሞልተናል። እኔ ላይ እወጣለሁ፣ እሱ ጋቢና ይቀመጣል። የአምናውን የገንዳ ውሃውን ነገር ረስቼው ነበር ብል እውነት ነው።

መኪናዋ የመጣችው ከጥምቀት በኋላ በአንድ ጠዋት ነው። ሰሊጡን ሲጭኑ ረፈደ። ከዚያ ሽኩር ግራሩ ሥር መጥቶ ቆመ። ጋቢናው ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሚሊሻ ተቀምጧል፤ ለመንግሥት ጭነት አጃቢ ነው። ስለዚህ ያለው አንድ ወንበር ነው።

«የሞላ ማነው?» አለ ሽኩር።

በዚህ ጊዜ ሰው ነው የሚመሰክረው፤ አብሮ የወረደ ስለ አብሮ ወራጁ ይናገራል። ደምለው ተነሣና ከኔ ከአየሁሽ ጀመረ።

«አየሁሽ ሞልታለች። እኔም ሞልቻለሁ። ዘሩም ሞልቷል፤ ወንበሩ ለሱ ይሁን፣ ሚስቱም ትፈቅዳለች» አለ።

ማሩን አየሁት። ማሩ የአምናውን እንዳልረሳ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ግን ወደ ጎማው ዞሮ በእግሩ መታ መታ አደረገው። ሽኩርም ማሩን አየ፣ ዘሩን አየ። ዘሩ ሰሌን ላይ ተኝቷል፤ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው። ሽኩር አፉን ሊከፍት ሲል ዘሩ ቀደመው።

«እኔ አልሞላሁም። አምና ገንዳ ውሃ ላይ ጓዜን አውርጃለሁ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ማን ጠየቀው? ማንም አልጠየቀውም። እኔ ከዚያች ሰዓት በፊትም ኋላም በዘሩ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ፣

«አንተ ሰው፣ ዝም አትልም?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ ያየውን? በማይገባኝ ወንበር ተቀምጬ መንገድ ላይ ብሞት ምን ይባላል?» አለኝ።

«አትሞትም።»

«እንግዲያው ሳልሞት የሰው ወንበር ወሰደ ይባላል።»

ሽኩር ጭንቅላቱን በመዳፉ አሸ። «ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር» አለ። ግን ሰምቷል። ዙሪያውን የቆመውም ሁሉ ሰምቷል፤ ከመካከላቸው የሞሉ አሉ፣ ዓይናቸው ሽኩር ላይ ነው።

እኔ ተነሣሁ። «ጋሼ ሽኩር፣ እንግዲያው ወንበሩ የኔ ነው አይዶል? ለሱ ሰጥቸዋለሁ። እኔ ላይ እወጣለሁ።»

«ያንች ነው። ግን የምትቀመጭበት እንጅ የምትሰጭው አይዶለም» አለኝ። «አንች ካልተቀመጥሽበት የደምለው ነው። ደምለው ከተወው የቀጣዩ ነው። ካቻምና አንዱ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶ በጩቤ ተወጋግተውብኛል። ኸዚያ ወዲህ አይሰጥም፤ እናንተም ታውቃላችሁ።»

እናውቃለን። ደምለው ወዲያው፣ «እኔ ትቸዋለሁ» አለ። ቀጣይዋ አገኘሽ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች። ገለጉ ላይ ነው የወለደችው፤ ሕፃኑ ገና አርባ ቀኑ አልሞላም፤ ባሏ ሳይጠብቃት በእግሩ ሄዷል። ወደሷ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። ልለምናት ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«እህቴ፣ አንች ኸተውሽው እኔ እገባበታለሁ። ብዋሽሽ ምን ይጠቅምሻል? ሁለት ቀን ጆንያ ላይ ይህን ይዤ አልችልም» አለችኝ። ሕፃኑን ገልጣ አሳየችኝ። ተኝቷል፤ የዓይኑ ሽፋን ላይ ዝንብ አለ፤ እኔ ነኝ እሽ ብዬ ያባረርሁለት።

ልጠላት ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

ሚሊሻውንም ጠየቅሁት። ትእዛዝ ነው አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ከዚያ ደምለውና እኔ ዘሩን ከላይ ልንጭነው፣ ከገመዱ ጋር ልናስረው ተስማማን። ስፖንዳው ላይ ስናወጣው ግማሽ ሳይደርስ አፍንጫው ደምቶ ራሱን ሳተ። ማሩ ከላይ ተቀብሎ ወዲያው መልሶ ሰጠን። «ኸዚህ ላይ ሆኖ ነጋዴ ባሕር ከተማን እንኳ አያልፍም፤ እኔ ሬሳ ይዤ ስወርድ አታሳዩኝ» አለ። እውነቱን ነው።

ሰሌኑ ላይ መልሰን አስተኛነው። ነቃና ውኃ ጠጣ።

«ሂጅ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ገንዳ ውሃ። መኪና ያለው ሁሉ እዚያ ነው፤ ለምነሽ ይዘሽ ነይ። እዚህ አጠገቤ ብትቀመጭ ምን ይፈይዳል?»

ይህንንም እውነት ነው አልሁ። ያን ቀን ሁሉም ሰው እውነቱን ይናገር ነበር። ሽኩርም፣ «ጭነቴን አራግፌ ቶሎ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ጋቢናው ባዶ ነው፣ የማንም ተራ አይዶለም» አለ። በአላህ ስም ማለ። ደምለው ጓዙን ከመኪናው ላይ አወረደ። «እኔ ኸሱ ጋር እቀራለሁ» አለኝ። የሞላ ሰው ነበር፣ ያንን ሁሉ ትቶ ነው። አመሰግንሃለሁ እንኳ አላልሁትም።

ዘሩን እንዴት እንደተሰናበትሁት ሰዎች ይጠይቁኛል። ጋቢውን አስተካከልሁለት። «ውኃ በብዛት ጠጣ» አልሁት። እሱም «አንችም» አለኝ። ይኸው ነው።

ጋቢና ገባሁ። ሦስት ዓመት ስመኘው የነበረ ቦታ ነው፤ ምን እንደሚመስል እናወራ ነበር፣ ዘሩና እኔ። ወንበሩ የተቀደደ ቆዳ ነው፤ ስፖንጁ ወጥቷል። በመስታወቱ በኩል አቧራው ሳይነካኝ ማሽላውን፣ የተቃጠለውን ሣር፣ ዝንጀሮዎቹን ሳይ ዋልሁ። ሚሊሻው ዳቦ ቆረሰልኝና በላሁ። እንደራበኝ አላወቅሁም ነበር።  አላለቀስሁም፤ ለማልቀስ የሚሆን ነገር ከውስጤ ብፈልግ አጣሁ።

ገንዳ ውሃ ስንደርስ ወረድሁ። መኪና አለው የተባለውን ሁሉ ደጁ ላይ ቆሜ ለመንሁ። የጤና ጣቢያው መኪና ግዳጅ ሄዷል። የአንዱ ነጋዴ ጎማ የለውም። የሌላው ይለፍ የለውም፤ ያለ ይለፍ ኬላውን አያልፍም። ሁሉም አዘኑልኝ። ሻይ ቤት ዕቃ እያጠብሁ፣ ማደሪያ ተሰጥቶኝ፣ ሽኩርን ጠበቅሁት። ከላይ የመጣ ሰው ሁሉ ሲያልፍ እወጣና አያለሁ። ሽኩር አልመጣም። አዘዞ ሲደርስ ሰሊጡን ሳያራግፍ ሠራዊቱ መኪናዋን ከነራሱ ከሽኩር ጋር ለዘመቻ እንደወሰዳት የሰማሁት ኋላ ነው። ቃሉን በፈቃዱ አላጠፈም፤ እሱንም መረቅሁት።

የመጣው ደምለው ነው። በእግሩ ነበር፤ እግሩ ተላልጦ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሏል። ሰሃን ይዤ ብቅ ስል መንገዱ ዳር ቆሞ አየሁት፤ አልጠራኝም። ያን ጊዜ አወቅሁ።

«መቼ?» አልሁት።

«እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ።»

«የት ቀበራችሁት?»

«ገለጉ፣ ማርያም። ቄሱ ፈትተውታል። ሰዎቹ ሁሉ ወጥተዋል።»

«ምን አለ?»

ደምለው መሬት መሬት አየ። «ስላንች ይጠይቀኝ ነበር። ደርሳለች? ይለኛል። ደርሳለች እለዋለሁ። በመጨረሻውም ቀን እሱኑ ጠየቀኝ።»

«እሽ» አልሁት። ውኃ አመጣሁለት፤ እግሩን አጠብሁለት። የሻይ ቤቷ ባለቤት ባየሽ ይህን አይታ አንች ሴት አታለቅሽም እንዴ አለችኝ። ልክ ሥራ ያልጨረስሁ ይመስል ነበር የተናገረችው። አለቅሳለሁ አልኋት።

በለሳ ገብቼ ተዝካሩን አወጣሁ። ያን ጊዜም አላለቀስሁም። የዘሩ እናት ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ክፉ ሴት ናት ተባልሁ። ይበሉ አልሁ።

በዚያ ክረምት ዝናብ አልመጣም። በሰባ ሰባት መስከረም በለሳ ላይ የሚታጨድ አልነበረም። የቀረኝ ነገር ሁለት እጄ ስለሆነ መስቀል ባለፈ ማግስት በእግሬ አዘዞ ወረድሁ። አዘዞ እንደዚያ ሰው በዝቶባት አይቼ አላውቅም። ልጆቻቸውን ተሸክመው፣ የሸጡትን በሬ ገመድ እንኳ ሳይጥሉ መጥተዋል። የሚጭን መኪና ሁሉ በሰው ተከብቧል።

የሽኩር መኪና መመለሷን ያየሁት ከሩቅ ነው። አንዱ መብራቷ ጠፍቷል፣ ስፖንዳው በሌላ እንጨት ተጠግኗል። ማሩ የለም፤ ለውትድርና ተወስዷል። እዚያ መኪና ላይ መውጣት አልፈለግሁም፤ ወደ ሌላው ዞርሁ። ሽኩር ግን ከሰዎቹ ራስ በላይ አይቶኝ ኖሮ ጠራኝ።

«አየሁሽ! ነይ ወዲህ።»

ሄድሁ። አርጅቷል። እግዜር ያጥናሽ አለኝ፤ አሜን አልሁት። ከዚያ ቁልፉን በጣቶቹ መካከል አገላበጠ። ሰው ሁሉ ይገፋናል።

«ያችን የዘሩን ጉዞ» አለ በመጨረሻ። «የገንዳ ውሃዋን፣ ጓዙን ያወረደባትን። ቆጥሬለታለሁ። ሞልቷል።»

ምን እንዳለኝ ገብቶኛል፤ ግን ቆሜ አየሁት።

«የሞተ ሰው የሞላው ለሚስቱ ይተላለፋል። እንዲህ አድርጌያለሁ። ስትወርጅም ስትመለሽም ጋቢና ነሽ። ማንም አይቀድምሽም፤ ግቢ» አለኝ።

«ይቻላል?» አልሁት።

«ለምን አይቻል? የምቆጥረው እኔ አይዶለሁ?»

«ያን ጊዜም አንቱ ነበሩ የሚቆጥሩት» አልሁት። ክፉ ልናገረው ብዬ አልነበረም። ድምፄም ከፍ አላለም።

ሽኩር የጋቢናውን በር ከፈተው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ካልገባሽ እኔን አስገቡኝ» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። ከበለሳ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ተረከዜ ተሰንጥቋል፣ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመስሁም። ወንበሩን አየሁት። ስፖንጁን አስለውጦታል።

ገባሁ። መኪናዋ ገና ከአዘዞ ሳትወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።